በጮቄ የጨፌ ዶሮ ፍለጋ፦ እንዴት እንደሚኬድ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ

ጊዜው ጥቅምት ነበር። ጮቄ ተራራ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ወፍ ፈልጌ አጣኋት። ካልሲዬ ረጥቧል፣ ከንፈሬ በብርድ ተሰነጣጥቋል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተስፋ ቆርጬ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ቁጭ አልኩና ባይናኩላሬን መወልወል ጀመርኩ። አሥር ዓመት የማይሞላው አንድ እረኛ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብዎ ነው?»

ነገርኩት። ቀይ ቡኒ ናት፣ ዶሮ ዶሮ ትመስላለች፣ ከጅራቷ ሥር ነጭ አላት። ልጁ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀም። በዱላው ወደ ጀርባዬ አመለከተኝ።

«እሷማ ያቻትና!»

ዞር አልኩ። ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከጅረቷ ዳር ወጥታ ጭቃ ላይ ትለቅማለች። ጅራቷን ብድግ፣ ዝቅ ታደርጋለች። እኔን ከቁም ነገርም አልቆጠረችኝ። ሁለት ቀን ስዞር የሸሸችኝ ወፍ ስቀመጥ ራሷ መጣች።

እናንተ እነዚያን ሁለት ቀናት እንዳታባክኑ ነው ይህን የምጽፈው።

ወፏን ከቤት ሳትወጡ እወቋት

የሳይንስ ስሟ ሩዤቲየስ ሩዤቲ ነው። ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቃት ጌሪን ሜንቪል የተባለ ፈረንሳዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1843። ስሟ ረጅም ስለሆነ እኔ የጨፌ ዶሮ እላታለሁ። በዚህ ጽሑፍም እንደዚያው እቀጥላለሁ።

በዓለም ላይ ያለችው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ገና ያልደረሰች ቄብ አስቡ። ጀርባዋ ጠቆር ያለ ቡኒ ነው። ደረትና ሆዷ ዝገት የመሰለ ቀይ ቡኒ ነው። ከጅራቷ ሥር ነጭ ነው። ወንዱና ሴቷ አይለያዩም። ስትራመድ ጅራቷን ስለምታርገበግብ ያ ነጭ ብልጭ ጥፍት ይላል። ከሩቅ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው፤ ቀሪው አካሏ ከሳሩና ከጭቃው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

መብረር አትወድም። ስትደነግጥ ትሮጣለች። በጣም ካስጨነቃችኋት እግሯን አንጠልጥላ ጥቂት ሜትር ትበርና እንደገና ሳሩ ውስጥ ትገባለች።

ከማን ጋር ልታምታቷት ትችላላችሁ? ከድርጭት ጋር፣ ግን ድርጭት በጣም ታንሳለች፣ ስትነሳም እንደ ጥይት ነው። ከቆቅ ጋር፣ ግን ቆቅ ደንዳና ነው፣ ላባውም ዝንጉርጉር ነው። ነጩን የጅራት ሥር ካያችሁ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም።

ድምፅዋን ደግሞ በጆሯችሁ አስገቡት። መርሊን የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ አለ። እንደ ፉጨት የሚያቃጭልና የሚደጋገም ጩኸት ነው፣ «ውሪይ-ክሪው፣ ውሪይ-ክሪው»። አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ከወዲያ ማዶ ትመልሳለች። ቄብ ከምታክል ወፍ ያን ያህል ጩኸት ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል?

መቼ ይኬዳል

የባሕረ ሐሳብ ሰዎች መፀውን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይቆጥሩታል። ለእኛ ፍለጋ ግን ይህ ሁሉ ጊዜ እኩል አይደለም። የእኔ ምርጫ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር 10 አካባቢ ያለው ነው።

ምክንያቱም ሳሩ ነው። ዝናቡ ረገብ ብሏል፣ መንገዱ ጠንክሯል፣ ጅረቱ ግን ገና ሙሉ ነው። ወፏ በክረምት ትፈለፍላለች፣ ስለዚህ በመፀው ጫጩቶቿ አድገው አብረዋት ሲርመሰመሱ ልታዩ ትችላላችሁ። ዋናው ነገር ደግሞ ገበሬው ለከብቱ ብሎ የከለለው ሳር ገና አልታጨደም። አንዴ ታጭዶ ከብት ከተለቀቀበት ወፏ መደበቂያ አይኖራትም። ያኔ ሳሩ እንደ ምንጣፍ ተላጭቶ ታገኙታላችሁ፣ እሷ ግን የለችም።

ኅዳር እየገፋ ሲሄድ ውርጩ ሌላ ጣጣ ነው። ማለዳ ሳሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

በነገራችን ላይ፣ በዚሁ ወቅት ቆላውና ደጋው ላይ ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ የሚላቸውን ባለቀለም ወፎች ታያላችሁ። በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጡ ይመስለናል። ዘመዱን በዓመት አንዴ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ስማቸውን ወርሷል። እነሱ ግን የትም አይሄዱም። ወንዶቹ ለመራቢያ የለበሱትን ደማቅ ላባ ይጥሉና ቀሪውን ዓመት እንደ ድንቢጥ ቡኒ ሆነው አጠገባችን ይኖራሉ። የጨፌ ዶሮም «ጠፋች» ሲባል እንደዚያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አለች፣ የማናይ እኛ ነን።

ምን ይያዝ

ባይናኩላር፦ 8 በ42 የሚባለው በቂ ነው። 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ የፊተኛውን መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ይነግራችኋል። 12 እጥፍ የሚያቀርበውን ገዝቶ የመጣ ጓደኛዬ በንጋት ጉም ውስጥ የራሱን የእጅ መንቀጥቀጥ ሲያይ አርፍዷል።

የላስቲክ ቦቲ፦ ለድርድር አይቀርብም። ስኒከር ጮቄ ላይ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስፖንጅ ይሆናል።

ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት፦ ለመቀመጫ። ውኃ አያስገባም፣ ለማጠፍም ቀላል ነው። እኔ ሁለት እይዛለሁ፣ አንዱ ለአስጎብኚዬ ነው።

ልብስ፦ ነጭ ጋቢ ቤት ይቅር። ከአንድ ኪሎ ሜትር ይታያል። ጠቆር ያለ ባና ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ካገኛችሁ ደግሞ የእረኛ ገሳ ተዋሱ። ከሳር የተሠራ ነው፣ ዝናብ ይከለክላል፣ የሰውነት ቅርፃችሁንም ይሰውራል። ወፏ ገሳ የለበሰ ሰው ስታይ ነው ያደገችው። ውጭ አገር የወፍ ተመልካቾች ለመደበቂያ ድንኳን ስንት ብር እንደሚያወጡ ሳስብ ገሳ ያስቀኛል።

ምግብ፦ ቆሎና በሶ። ብስኩት አትያዙ፣ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ለማታው የእጅ ባትሪ፣ ለስልኩ ፓወር ባንክ፣ ለማስታወሻ ደግሞ እርሳስ። እስክሪብቶ በብርድ እንቢ ይላል።

ወረቀትና ሰው

ይህን ክፍል ዘልላችሁ እንዳትሄዱ።

ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። የትናንት ወሬ አይበቃም። በተነሳችሁበት ቀን ጠዋት ደግማችሁ ጠይቁ። ጥሩ አይደለም ካሏችሁ ቅሩ። ወፏ ለሚቀጥለው ዓመትም ትቆያለች።

ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። እሱን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱና ምን ልትሠሩ እንደመጣችሁ በግልጽ ተናገሩ። «ወፍ ለማየት» ስትሉ መጀመሪያ ይስቃሉ። ይሳቁ። ከሳቁ በኋላ ይረዷችኋል።

እኔ አንዴ ይህን ሳላደርግ ቀጥ ብዬ ወደ ተራራው ወጣሁ። ባይናኩላር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለት ሰዎች አስቁመው ምን እያየሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ወፍ» አልኩ። ተያዩ። ከዚያ ወደ ቀበሌ ወረድን፣ ግማሽ ቀን እዚያ ዋልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። መሣሪያ የሚመስል ነገር ይዞ ማንንም ሳያናግር ገደል ለገደል የሚዞር ሰው እኔም ብሆን አስቆመው ነበር።

ከአካባቢው አንድ አስጎብኚ ቅጠሩ። ክፍያውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። አስጎብኚው ወፍ ባያውቅም ግድ የለም። የየትኛው ሳር ባለቤት ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ውሾቹን ያውቃል፣ የቤቶቹን እማማዎች ያውቃል። እሱ ይበቃል።

አንደኛ ቀን፦ ደብረ ማርቆስ

ከአዲስ አበባ ከሆናችሁ አባይ በረሃን ወርዳችሁ፣ በደጀንና በሉማሜ አድርጋችሁ ትገባላችሁ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ዳር ከሆናችሁ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ነው።

ያን ማታ ደብረ ማርቆስ እደሩ። ከተማዋ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በአንድ ቀን ዘልሎ የወጣ ሰው ራሱን ይዞ ይመለሳል።

አመሻሽ ላይ ወደ ጨሞጋ ወንዝ ዳር ውረዱና ዓይናችሁን አለማምዱ። ሜዳው ላይ ጓል ላይ ቆሞ ደረቱን ነፍቶ የሚታይ፣ ጉሮሮው ቢጫ፣ በቢጫው ዙሪያ ጥቁር ማሰሪያ ያለው ወፍ ልታገኙ ትችላላችሁ። እሱም የእኛው ብቻ ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ከአውሮፓና ከእስያ በመስከረም የሚገቡት ባለቢጫ ሆድ ጅራተ ረጃጅም ወፎችም ከላሞቹ እግር ሥር ሲሯሯጡ ታያላችሁ። በጊዜ ተኙ።

ሁለተኛ ቀን፦ ቦታ መምረጥ

ጠዋት ወደ ስናን ወረዳ፣ ወደ ረቡዕ ገበያ ውጡ። ከደብረ ማርቆስ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገዱ ሲወጣ አገሩ በየደረጃው ይለወጣል። መጀመሪያ ስንዴና በየቤቱ ጓሮ ቀርከሃ፣ ከዚያ ድንችና ገብስ፣ ከዚያ እንግዶ የሚባለው የደጋ እህል፣ ከዚያ የጓሳ ሳር፣ በመጨረሻም እንደ ሰው ቆሞ የሚጠብቃችሁ ጅብራ። ጮቄ የውኃ ማማ የተባለው በከንቱ አይደለም። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጀደብ ሁሉም ከዚህ ይነሳሉ። ወፏም የምትፈልገው ይህንኑ ውኃ ነው።

በዚህ ቀን ወፏን አትፈልጉ። ቦታዋን ፈልጉ። የሚከተሉትን እያያችሁ ሂዱ።

ቀስ ብላ የምትፈስ፣ ዳሯ ጭቃ የሆነ ጠባብ ጅረት። ፏፏ የምትል አይደለችም። ጭቃው ውስጥ ትላትልና ቀንድ አውጣ አለ፣ እሷም እሱን ነው የምትበላው።

ጉብ ጉብ ያለ ሳር። ከጉብታ ጉብታ መሐል ለወፍ የሚሆን ጎዳና አለ። ዝቅ ብላችሁ በዶሮ ቁመት ተመልከቱት። እውነቴን ነው፣ በጉልበታችሁ ተንበርከኩ። ከላይ ጥቅጥቅ ያለ የሚመስለው ሳር ከታች የእግረኛ መንገድ ሞልቶታል።

ክልል። በድንጋይ ወይም በእሾህ የታጠረ፣ ከብት ያልገባበት ሳር ከጅረት ጋር የሚገናኝበት ጥግ ካገኛችሁ ከዚያ አትራቁ። ወፏ ክልሉ ውስጥ ትደበቃለች፣ ወጥታ ግን ጭቃው ላይ ትበላለች። እናንተ የምትፈልጉት ያን ድንበር ነው።

ወደ ክልሉ ግን አትግቡ። አንዲት እርምጃም ቢሆን። የተረገጠ ሳር ይተኛል፣ የተኛ ሳር ደግሞ ማጭድ አይይዘውም። ያ ሳር የአንድ ሰው በሬ የበጋ ቀለብ ነው።

ከዚያ እረኞቹን ጠይቁ። ስም አትጥሩ፣ ስም የየሰፈሩ ነው። አሳዩ። ጅራቷን እንዴት እንደምታርገበግብ በእጃችሁ አሳዩ፣ ድምፅዋን በአፋችሁ ሞክሩ። ሳቅ ይሆናል። ግን ከሳቁ መሐል አንዱ ልጅ ድምፁን አስተካክሎ ይመልስላችኋል። በቃ፣ አስጎብኚያችሁን አገኛችሁ።

ውሾች አሉ። አትሩጡ። ቁሙና የቤቱን ሰው ተጣሩ።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከመረጣችሁት ቦታ 50 ሜትር ርቃችሁ ቁሙና ስሙ። ፀሐይ ስትጠልቅ መጣራት ትወዳለች። ድምፁ ከየት እንደመጣ አንድ ምልክት ያዙ፣ አንድ ድንጋይ ወይም አንድ ጅብራ። የነገው ወንበራችሁ የሚዘረጋው በዚያ ትይዩ ነው።

ማታ በአካባቢው ቤት ካደራችሁ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይቀርብላችኋል። የጽጌ ጾም ወቅት ነው፣ ቤቱ እንደሚጾም ጠይቃችሁ አብራችሁ ጹሙ። የጮቄን ድንች የቀመሰ ሰው እንደ ቅጣት አይቆጥረውም።

ሦስተኛ ቀን፦ መቀመጥ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሱ። 12 ሰዓት ሳይሞላ ቦታችሁ ላይ ሁኑ።

ጅረቱ ከፊታችሁ፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ እንድትወጣ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ከጭቃው ዳር 20 ወይም 25 እርምጃ ይበቃል። ከረጢቱን አንጥፉ። ገሳውን ወይም ባናውን ደርቡ። ባይናኩላሩን ከአሁኑ ጭቃው ላይ አስተካክሉት፣ ወፏ ስትመጣ የምትነካኩት ነገር አይኑር። ስልኩን አጥፉት።

ከዚያ ዝም።

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ከባድ ናቸው። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። ጉልበት ይደነዝዛል። አፍንጫ ይፈሳል፣ መናፈጥ አይቻልም። ሐሳባችሁ ረቡዕ ገበያ ወርዶ ትኩስ ሻይ ያዛል። በዚህ ጊዜ ሰው ይነሳል። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ የተነሳሁት እዚሁ ላይ ነው። «እዚህ የለችም፣ ትንሽ ወደዚያ ልይ» ብዬ።

አትነሱ። ስትመጡ የደነገጠው ሁሉ የሚረጋጋው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ምልክቱን ትናንሾቹ ወፎች ይሰጧችኋል። እነሱ እግራችሁ ሥር መልቀም ሲጀምሩ ጨፌው ረስቷችኋል ማለት ነው። ጭልፊት ዝቅ ብሎ ሳሩን እያሰሰ ካለፈ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ያኔ ሰዓቱን እንደገና ከዜሮ ቁጠሩ።

ስትመጣ በአንዴ አትወጣም። መጀመሪያ ከጉብታው ሥር አንድ ሳር ይነቃነቃል፣ ነፋስ ሳይኖር። ቀጥሎ ራሷ ብቻ ይወጣል። ይመለሳል። እንደገና ይወጣል። ከዚያ ሁለት እርምጃ ጭቃው ላይ፣ ነጩ ጅራት ብልጭ። እጃችሁን ወደ ዓይናችሁ የምታነሱት ራሷን ጎንበስ ስታደርግ ብቻ ነው። ቀና ስትል እናንተም እንደ ድንጋይ።

አንዴ መልቀም ከጀመረች ግን ትለምዳችኋለች። ቅጠል ትገለብጣለች፣ ውኃ ውስጥ ምንቃሯን ትነክራለች፣ አንዳንዴም ቆማ ላባዋን ታበጥራለች። ጫጩቶች ካሉ ከኋላዋ ተሰልፈው ይወጣሉ።

ሁለት ነገር አታድርጉ። አንደኛ፣ ድምፅዋን ከስልክ አታጫውቱ። ባላጋራ ቦታዋን የወረረባት መስሏት መብሏን ትታ ስትራወጥ ትውላለች። ሁለተኛ፣ ሰው አሰልፋችሁ ሳሩን እያስረገጣችሁ አታስነሷት። በዚያ መንገድ የምታዩት የሸሸ ጀርባ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለአደጋ ከቀረቡት ዝርያዎች መካከል መዝግቧታል። ጨፌው እየታረሰና እየተጋጠ ስለሆነ ሩጫ መጨመር አያስፈልግም።

እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ካልታየች ተነሱ፣ ቁርስ ብሉ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ተመለሱ። በመሐል ያለው ሰዓት ለእንቅልፍ ነው።

አራተኛ ቀን

ካያችኋት እዚያው ቦታ አንድ ጠዋት ጨምሩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ከፍታ፣ ስንት እንደነበሩ፣ ሳሩ የታጨደ ነው ወይስ ያልታጨደ፣ ጻፉና ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ከጮቄ የሚላክ መረጃ ጥቂት ነው፣ የእናንተ አንድ መስመር ዋጋ አላት።

ካላያችኋት ወደ ቢቡኝ ወረዳ፣ ወደ ድጓ ጽዮን አቅጣጫ ተሻገሩና ሁለተኛ ጅረት ሞክሩ። ከዚያው ወደ ሞጣ ወርዶ ባሕር ዳር መግባት ይቻላል።

ከመውረዳችሁ በፊት ግን ባይናኩላሩን ላሳያችሁ ልጅ ስጡት። ማሰሪያውን አንገቱ ላይ አድርጉለት፣ እንዴት እንደሚያጠራ አሳዩትና ራቅ በሉ። እኔም ለዚያ እረኛ ሰጠሁት። ወፏ ገና ጭቃው ላይ ነበረች። ለረጅም ጊዜ ሳይተነፍስ አያት። ከዚያ ባይናኩላሩን አውርዶ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን ተመለከተ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «እንዲህ ቅርብ ከሆነች ታዲያ ሁለት ቀን ምን ሲያደርጉ ከረሙ?»